ጣት ቆጠራ

የገበያው ሰው "ዓይናማው" ይለዋል። ያገለገሉ ካሜራዎችን እየገዛ፣ እየፈተሸና እያጸዳ የሚሸጥ ሰው ነው፤ እሱ አይቶ "ደህና ነው" ያለውን ዕቃ ማንም መልሶ አይፈትሽም። ሱቁ ከገበያው ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ካለቀበት ጥግ ናት። ጠባብ ከመሆኗ የተነሳ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። ፀሐይ ሲሆን ቆርቆሮው ይጠብሳል፣ ዝናብ ሲሆን ያፈሳል። ያም ሆኖ ዓይናማው ምድር ቤት የተሻለ ሱቅ ሲሰጡት እምቢ ያለው፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ወደ ጣሪያው የምታወጣ አንዲት የብረት በር ስላለች ነው።

ጣሪያው ላይ ሲቆሙ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ዳገቱ ላይ የተደረደሩት የመኖሪያ ሕንፃዎች ፊት ለፊት ይታያሉ። ከነሱ ውስጥ የአንዱ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ በባዶ ዓይን የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ያቺ በረንዳ የራሱ የዓይናማው ቤት ናት፤ በረንዳዋ ላይ፣ ከብረት አጥሩ ጀርባ ወንበራቸውን አስጠግተው አባቱ ይውሉባታል።

አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸው ቤት ከዋሉ ወዲህ፣ አቤት ብስጭት! ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ሬዲዮው ጮኸ፣ ጎረቤት በሩን ወረወረው እያሉ ልጆቻቸውን ቁም ስቅል አሳዩዋቸው። "ስንቱን ሕዝብ ያመላለስኩ ሰውዬ ዛሬ እንደ ዕቃ ልቀመጥ?" ይላሉ። ዓይናማው ታዲያ አንድ ቀን ከመሬት ተነስቶ፣ "አባባ፣ ሠራተኛ ቸግሮኛል፤ ይቀጠሩልኛል?" አላቸው።

ሥራው ይሄ ነበር። ሩቅ የሚያይ ካሜራ ሱቁ በመጣ ቁጥር ዓይናማው ጣሪያው ላይ ይወጣና ሰፊ ቀይ ጨርቅ አጥሩ ላይ ይሰቅላል። ሽማግሌው የቅርቡን ያለ መነጽር አያዩም እንጂ የሩቁን አያጡትም፤ የመንገድ መብራት ከስንት ሕንፃ በፊት ሲለዩ የኖሩ ናቸው። ጨርቁን ሲያዩ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ አንድም ይሁን አራት እንዳሻቸው። ዓይናማው ፎቶ ያነሳል፣ ያጎላል፣ ጣቶቹን ይቆጥራል። ማታ ቤት ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣

"ስንት ነበር?" ይሉታል።

"አራት።"

"ደህና ካሜራ ነው፣ ሽጠው።"

ከተሳሳተ ደግሞ "ጣለው! ዕውር ነው!" ብለው እስኪያስላቸው ይስቃሉ። አንዳንዴ ጭብጣቸውን ብቻ ያነሱና ማታ "ዜሮ ቁጥር አይደለም እንዴ?" እያሉ ያፌዙበታል። ሥራውን የምር ያዙት። ደቃቅ መስመር ያለው ልብስ ለፍተሻ ይመቻል ስላላቸው፣ ሙቀት የለ ብርድ የለ፣ ባለ ዳማ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው ጠዋት በጊዜ በረንዳው ላይ ይሰየማሉ። ቤቱም ሰላም አገኘ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ጠመም አለ፤ የሚናገሩት ቃል እርስ በርሱ ተያያዘ። ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ሁሉም ነገር ተመልሶላቸው፣ እንዲያውም ደም ግፊታቸውን ከምትለካው ነርስ ጋር ይቀልዱ ጀመር። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም።

"ይሄ ትንሽ ስትሮክ ነው፤ ማስጠንቀቂያ በሉት" አለች። "የሚቀጥለው ትንሽ ላይሆን ይችላል። ከተጠራጠራችሁ ሁለቱንም እጃቸውን አንሱ በሏቸው። አንደኛው አልነሳም ካለ ወይ ተነስቶ ከወደቀ፣ ልብስ እንቀይር ሳትሉ ይዛችኋቸው ሩጡ። ቶሎ ከመጡ መድኃኒት አለ። ከዘገዩ የለም።"

በዚያ ቤት የሚኖሩት ሦስት ናቸው፤ ሽማግሌው፣ ዓይናማውና "እታለም" የሚላት ታላቅ እህቱ። እሷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ነፍሷ እስኪወጣ ሮጣ ቤት ትመጣለች፤ አባቷን አብልታ፣ ሽንት ቤት አድርሳ፣ እንደገና ሮጣ ትመለሳለች። ከሐኪም ቤት በተመለሱበት ማታ ወንድሟን ወጥ ቤት ውስጥ ይዛ አቆመችው።

"እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ ነው የምውለው። ዓይን ያለህ አንተ ነህ። አደራህን!"

"አንቺ ደግሞ! ካንቺ ይልቅ እኔ ነኝ የምቀርባቸው" አላት። "ሲላጩ የዘለሏትን ፀጉር ሳትቀር አያለሁ። ጣጣ የለም፤ ሥራሽን ሥሪ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ የጨዋታው ሕግ ተሻሻለ። ካሜራ መጣም አልመጣም ጨርቁ ጠዋት አንዴ፣ ቀትር ላይ አንዴ ይሰቀላል። ሽማግሌው መጀመሪያ ሁለቱንም እጃቸውን እንደ ተማረከ ወታደር ወደ ላይ ይዘረጋሉ፣ ቀጥሎ በቀኝ እጃቸው ቁጥሩን ያሳያሉ። ቀትር ላይ እንቅልፍ ይጥላቸው ስለነበር ያኔ ተኝተው ከታዩ በቂ ነው ተባለ። ለእታለም እረፍት ሆነላት። ዓይናማውም ልቡ ትንሽ አበጠ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ አባት ጠባቂ በከተማው ሁሉ ተፈልጎ አይገኝም ብሎ ያምን ነበር።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን እንምጣ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሱቁ የገባችው ካሜራ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ጥቁር ዕቃ ናት። ስትዘጋ የሸሚዝ ኪስ ትበቃታለች፤ ስትከፈት ግን ሌንሷ አንዱ ቱቦ ከሌላው ውስጥ እየወጣ ይረዝማል፣ እንደገና ይረዝማል፣ የት ተደብቆ ነበር ያሰኛል። ዓይናማው እንዲህ ዓይነቷን ከያዘ ምግብ አያስታውስም። ሌንሷን በብርሃን አዘንብሎ አየ፤ ጭረት የለም። ጆሮው ላይ ለጥፎ ሞተሯን አዳመጠ፤ ለስላሳ ነው። የቁልፎቹን መመለስ፣ የባትሪዋን ክዳን፣ የስክሪኗን ጥግ ሁሉ በጥፍሩ ነካካ። ሁሉም ደህና።

አንድ ነገር ብቻ ከንክኖታል። ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ የሚሠራው ሰዓት ጠጋኝ ባለፈው ሳምንት፣ "እነዚህን ትንንሽ ሆነው ሩቅ የሚያዩትን ተጠንቀቅ፤ ማረጋጊያቸው ቶሎ ነው የሚሞተው" ብሎት ነበር። ማረጋጊያ ማለት ካሜራ ውስጥ ያለች፣ የያዡን እጅ መንቀጥቀጥ የምታጠፋ መሣሪያ ናት። እሷ ከሞተች ሩቁ ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ሰዓት ጠጋኙ ስለ ካሜራ የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ሆኖም ነገር አንዴ ጆሮ ከገባ መውጫው ይጠፋዋል።

ዓይናማው ጣሪያው ላይ ወጣና ጨርቁን ሰቀለ። ማዶ፣ ሽማግሌው ሁለቱንም እጃቸውን አነሱ። ቀጥለው ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ሦስት ጣት አሳዩ። እሱም ሌንሷን ግማሽ ድረስ ብቻ አውጥቶ አንድ ፎቶ አነሳ። ሦስት ጣት፣ ጥርት ያለ። "እሰይ አባባ!" አለ ብቻውን።

አሁን የቀረው ትልቁ ፈተና ነው፤ ሌንሷን እስከ መጨረሻው አውጥቶ ማየት። መጀመሪያ ማስተካከያዎቹን መቀየር ነበረበትና አቀርቅሮ ቁልፎቹን ሲነካካ ጥቂት ቆየ። ቀና ብሎ ሲያነጣጥር የአባቱ እጅ ገና ላይ ነው። አነሳ። ደግሞ አነሳ። ደግሞ። ከዚያ ፀሐይዋን በጀርባው ከልሎ ስክሪኗ ላይ አጎላ፤ ልማዱ ነውና በቀጥታ እጁ ላይ ሄደ፣ ሌላ ነገር ስክሪኑ ላይ እስከማይቀር ድረስ። ጣት የለም። ጣት መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የተዳመጠ፣ የተላቆጠ ነገር ነው ያለው።

"አላልኩም?" አለ፣ ያለው እሱ ሳይሆን ሰዓት ጠጋኙ ቢሆንም።

ቢሆንም ፍርደ ገምድል ሰው አይደለም። የአሸዋ ከረጢቱን አምጥቶ አጥሩ ላይ አስቀመጠ፣ ካሜራዋን ከረጢቱ ላይ አስተኛ፣ ትንፋሹን ያዘ። አነሳ፣ አጎላ። ያው ነው። እንዲያውም አሁን ባሰ። አንድ አፍታ ግራ እጅ ነው የተነሳው የሚል ሐሳብ መጣበት፤ "ሽማግሌው ዛሬ ደግሞ በግራ ሊያሞኙኝ ነው" ብሎ ፈገግ አለና ተወው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ማረጋጊያዋ ሞታለች፤ አለቀ። ደህናውን በአረንጓዴ፣ እንከን ያለበትን በቢጫ ወረቀት ነው የሚለየውና፣ ቢጫ ወረቀት ቆርጦ ታችዋ ላይ ለጠፈባት። ከዚያ ጨርቁን አወረደ። ጨርቁ ከወረደ ጨዋታው ተጠናቀቀ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይሂድ ማለት ነው።

ቀትር ላይ እንደገና ወጥቶ ሰቀለ። የያዘው ያቺኑ ካሜራ ነበር፤ ልቡ ገና አልቆረጠላትም። ሌንሷን እስከ መጨረሻው አውጥቶ አነጣጠረ። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተኝተዋል። አነሳ፣ አጎላ፤ ወይ ጉድ! ጥርት ብሏል። የኮቱ ዳማ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የላይኛዋ ቁልፍ የተሰፋችበት ክር ሳይቀር ይታያል፤ እታለም ጥቁር ክር አጥታ በሰማያዊ የሰፋቻት ቁልፍ ናት። ዓይናማው ደስታው ወሰን አጣ። እንከኑ ይመጣል ይሄዳል ማለት ነው፤ ሲሞቃት ይስተካከላል ማለት ነው!

ይሄን እያሰበ ስልኩ ጠራ። እታለም ናት።

"ዛሬ የሚላክ ሸቀጥ አለ ብለው አፍነው ይዘውናል። ምሳዬን ትቼ ልሩጥ ወይስ አባባ ደህና ናቸው?"

"ኧረ ተኝተዋል። አሁን እያየኋቸው ነው።"

"ደህና ተኝተዋል?"

"እታለም፣ የኮታቸውን ክር እየቆጠርኩ ነው የምልሽ! ሰማያዊዋን ክር። አትድከሚ፣ ሥራሽን ሥሪ።"

"ተባረክ" አለችው። "አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር።" ስልኩ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ መጣ። የሠፈር ወጣቶችን ኳስ የሚያሠለጥን፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ የማይጠፋ፣ ድምፁ ከሜዳ ውጭም የሜዳ የሆነ ትልቅ ሰው ነው። ተጫዋቾቹን ከሜዳው ዳር ሆኖ የሚቀርጽባት፣ ኪስ የምትገባ ካሜራ ፈልግልኝ ብሎ ከነገረው ቆይቷል።

"አግኝቼልሃለሁ" አለው ዓይናማው። "ግን እኔ ሰው አላታልልም፤ እንከኗን አሳይቼህ ነው የምትወስዳት። ጠዋት ጠዋት ማረጋጊያዋ ይሰንፋል። ና እይ፣ ይሄ ጠዋት የተነሳ ነው፤ ይሄ ደግሞ ቀትር ላይ። ልዩነቱን ተመልከት።"

አሰልጣኙ ካሜራዋን ተቀብሎ ስክሪኗን ዓይኑ ሥር አስጠጋት። ማጉያውን አያውቅበትምና ሙሉውን ፎቶ ነው ያየው። አየ። ወደሚቀጥለው አለፈ። ተመለሰ።

"እንከኑ የቱ ጋ ነው?"

"እጁን አታየውም እንዴ? ሁሉ ነገር ተላቁጦ!"

"እጁማ ተላቁጧል። አጥሩ ግን ጥርት ብሏል እኮ። ካሜራዋ ብትንቀጠቀጥ አጥሩም አብሮ አይንቀጠቀጥም ነበር?" አለና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። "ወንድሜ፣ ሰውዬው ነው እጁን የሚያራግበው። ልጆቼ ሜዳ ላይ ወድቀው መነሳት ሲያቅታቸው እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። ደግሞ ይሄኛው እጁ ምን ሆኖ ነው የተንጠለጠለው? ማነው ሰውዬው?"

ዓይናማው ካሜራዋን ነጠቀው። አጥሩ ጥርት ብሏል። የወንበሩ እግር ጥርት ብሏል። ከጀርባ የተሰጣው ፎጣ ጥርት ብሏል። በአራቱም ፎቶ ላይ ቀኝ እጅ ከወንበሩ ጎን ቁልቁል ተንጠልጥሏል፣ አፍ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ ግራ እጅ ይራገባል። የቀትሩን አወጣ። ጭንቅላቱ በየትኛው ትከሻ ላይ እንደወደቀ፣ ከአፍ ጥግ የወረደው ነገር ኮቱን እንዴት እንዳራሰው አሁን አየ። ዓይኖቹ አልተከደኑም ነበር። ክር ሲቆጥር ዓይን አላየም!

"አባቴ ናቸው" አለ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ አያስታውስም።

ደረጃውን እንዴት እንደወረዱት እግዜር ይወቀው። በአሰልጣኙ መኪና ነው የሄዱት፤ ድልድዩ ላይ መኪና ተደርድሮ ነበርና አሰልጣኙ ፊሽካውን በመስኮት አውጥቶ እየነፋ መንገድ አስለቀቀ። ቤት ደርሶ በሩን ሲከፍት ቤቱ ጭር ብሏል፤ ሬዲዮው ብቻ ለራሱ ያወራል። በረንዳው ላይ ሽማግሌው እንዳሉ አሉ። ሱሪያቸው ርሷል። ፀሐይዋ ዞራ ፊታቸው ላይ መጥታባቸው፣ የሚጋርድላቸው ጠፍቶ፣ አንድ ወገን ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ልጃቸውን ሲያዩ ግራ እጃቸው ከጭናቸው ላይ ትንሽ ተነሳችና ወደቀች። አፋቸው "እ...እ..." አለ። ሌላ ቃል አልወጣም።

"አባባ! አባዬ! አለሁ፣ መጣሁ!" እያለ ታቅፎ አነሳቸው። አሰልጣኙ እግራቸውን ያዘ።

እታለም ስልክ ተደውሎላት ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ደረሰችባቸው። ከነሥራ ልብሷ ነው፤ የክር ቁርጥራጭ ከጉርዷ ላይ አልተራገፈም። ሐኪሟ ያቺው የበፊቷ ናት። አልጋው አጠገብ ቆማ፣ "በጎ ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት መቼ ነው?" ብላ ጠየቀች።

እታለም ዓይናማው አፉን ሳይከፍት ቀደመችው። "ምሳ ሰዓት ላይ ደህና ነበሩ! ወንድሜ አይቷቸዋል። ዛሬ እኔ አልሄድኩም እንጂ እሱ አይቷቸዋል፣ ደህና ተኝተው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የሆነው፤ ቶሎ አድርሰናቸዋል፣ አይደለም?"

የሐኪሟ ፊት በራ። "እርግጠኛ ናችሁ? ከምሳ ሰዓት ወዲህ ከሆነ ጊዜ አለን፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ እንሰጣቸዋለን። ብዙ ነገር ሊመለስላቸው ይችላል።" ነርሷ መርፌውን ልታመጣ ወደ በሩ ሄደች። "ግን እርግጠኛ ሁኑ" አለች ሐኪሟ። "ከጠዋት ጀምሮ የነበረ ከሆነ መርፌው ራሱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ያፈሳል። ይገድላቸዋል።"

እታለም ወንድሟን አየችው። ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር፤ እንዲያውም የምስጋና ዓይነት ነገር ነበር።

ዝም ቢልስ? ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። እህቱ እስከ ዕለተ ሞቷ "ወንድሜ ነው ያተረፋቸው" እያለች ትኖር ነበር፤ ወይም ደግሞ አባቱ በዚያች ሌሊት ቢሞቱ የእግዜር ቁጣ ነው ይባል ነበር። የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ማድረግ እንደሁ ጠዋት ጀምሮታል፤ ጥፋቱን ሁሉ በአንዲት መናገር በማትችል ዕቃ ላይ ሲደፈድፍ ውሏል። ነርሷ በሩን ስትገፋ ሰማ።

"ቆይ!" አለ። "ከጠዋት ነው።"

"ምን?" አለች እታለም።

ካሜራዋን ከኪሱ አወጣ። ሐኪሟ ተቀበለችው። ሰዓቱ ፎቶው ጥግ ላይ ተጽፏል። የመጀመሪያውን አየች፤ ቀኝ እጅ፣ ሦስት ጣት። ሁለተኛውን አየች። ሦስተኛውን። ቀጠለች። የቀትሩ ላይ ስትደርስ ጥቂት ቆየች። እታለም በሐኪሟ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ አብራት ታይ ነበር።

ሐኪሟ ለነርሷ ጭንቅላቷን በአሉታ ነቀነቀች። "ይሄ ብዙ ሰዓት ሆኖታል። መርፌውን መስጠት አንችልም" አለች። ከዚያ ዓይናማውን እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "መናገርህ ሕይወታቸውን አትርፏል። ያለፈውን ግን አንመልሰውም" አለች። ካሜራዋን መለሰችለትና አልጋውን እያስገፋች ሄደች።

እታለም አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ጉርዷ ላይ ያለውን ክር አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር።

"ይሄን ስታነሳ" አለች ቀስ ብላ፣ "ምን እያየህ ነበር?"

ዋሽቶ የሚያመልጥበት ቦታ አልነበረም። "ጠርዙን" አላት። "የጣታቸውን ጠርዝ። ይጥራ አይጥራ።"

"እኔ ስደውልስ?"

"ክሩን።"

አሰልጣኙ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ፊሽካውን በጭብጡ ይዞ ቆሞ ነበር፤ መጥቶ ሁለቱንም ትከሻ ነካ ነካ አድርጎ ሄደ። የካሜራዋን ነገር አላነሳም፤ ወደፊትም አላነሳም።

ሽማግሌው አልሞቱም። በሳምንቱ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወጥተው ስድስት አልጋ ወዳለበት ክፍል ተዛወሩ። ቀኝ ጎናቸው እንደ ሌላ ሰው ጎን ሆነባቸው፤ ሲነኩት አያውቁትም። ንግግራቸው አልተመለሰም፤ ሐኪሟም ይመለሳል ብላ አልዋሸቻቸውም። እታለም ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዳ አልጋው ሥር ተቀመጠች፤ ወንድሟን የምታናግረው "ውሃ ሙላ"፣ "ፎጣውን አቀብለኝ" በሚል ብቻ ነው። እሱም ይሞላል፣ ያቀብላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጃኬቱን ሲፈትሽ ካሜራዋ እጁ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሱቁን አልከፈተም። ገለበጣትና ቢጫዋን ወረቀት አያት። እስከ ዛሬ ከፈተሻቸው ሁሉ እንደሷ ዓይነት ጤነኛ አልገጠመውም፤ ይሄን ያህል ሩቅ ሆና፣ ይሄን ያህል ትንሽ ሆና፣ ያየችውን አንድ ሳታስቀር ነግራዋለች። ወረቀቱን በጥፍሩ ላጠው፤ ሙጫው ግን አልለቅ አለ። በአውራ ጣቱ እያሸ ያጸዳው ጀመር።

አልጋው ላይ ሽማግሌው ነቅተዋል። ግራ እጃቸው ከአንሶላው ውስጥ ወጣች፣ ወደ ላይ ተነሳች፣ ጣቶቿ ተዘርግተው በአየር ላይ ፈጠን ፈጠን እያሉ ተራገቡ። ዓይናቸው መስኮቱ ጋ ነው፤ እሱ ላይ። ዓይናማው አቀርቅሮ ሙጫውን ያሻል።

"እየጠሩህ ነው" አለችው እታለም።

ቀና አለ። የአባቱ እጅ አሁንም ትራገባለች።

"ያን ጠዋትም እንዲህ ነበር የጠሩህ" አለች። "ሂድ፣ ውሃ ነው የሚፈልጉት።"

ካሜራዋን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ተነሳ።